የግማሽ ጺም ሐዘን

ፀጉር አስተካካዩ የሞተው ክርክር ሳይጨርስ ነው። ነገሩ ለእሱ አዲስ አልነበረም፤ በሕይወት እያለም አንድ ክርክር ከዳር አድርሶ አያውቅም። የመንገዱ ሰው "ጋሽ ጥያቄ" ያለው በከንቱ አይደለም።

ሱቁ አንዲት ጠባብ ክፍል ናት። ሁለት ወንበር፣ አንድ ሰፊ መስተዋት፣ መቆሙን ሁሉም የሚያውቀውና ሁሉም ቀና ብሎ የሚያየው የግድግዳ ሰዓት፣ በበሩ በኩል ለተራ ጠባቂ የሚሆን አግዳሚ። ትልቁ ወንበር የእሱ ነበር፤ ትንሹ የልጁ። ልጅቱ ሕፃናትን ታስተካክላለች፣ የሽማግሌዎችን ማጅራት ታጸዳለች፣ የወደቀ ፀጉር ትጠርጋለች። እጇ ከአባቷ እጅ የረጋ እንደሆነ የታወቀ ነው። ግን ሰው እዚያ ቤት የሚመጣው ለእጅ አልነበረም፤ ለአፍ ነው።

ጋሽ ጥያቄ ሳሙናውን ቀብቶ፣ ምላጩን አንሥቶ፣ የሰውየውን አንድ ጉንጭ አጽድቶ ሲጨርስ ቆም ይላል። ከዚያ ይጠይቃል።

"በድሮ ዘመን ግብር ሰብሳቢው እሳት ሲጠፋበት የማን ቤት ሄዶ ነው የሚጭረው?"

ወይም ደግሞ፣ "ወንበር ከመሠራቱ በፊት ሹመኛ ሥልጣን ሲለቅ ከምን ላይ ነበር የሚነሣው?"

ወይም፣ "መጀመሪያ ለሰላምታ እጁን የዘረጋ ሰው ሲመጣ፣ ያኛው ሊመታኝ ነው ብሎ እንዴት አልሮጠም?"

ሁለቱን የሚያስማማ መልስ ከተገኘ ሌላው ጉንጭ ይላጫል። ካልተገኘ ጋሽ ጥያቄ ምላጩን ፎጣው ላይ፣ ስለቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ያስቀምጠዋል። ያ ማለት ለዛሬ በቃ ማለት ነው። ደንበኛው ግማሽ ጺሙን ይዞ ቤቱ ይገባል፣ ሲያስብ ያድራል፣ በማግሥቱ መልሱን ይዞ ይመጣል። የቤቱ ሕግ ነው። ሌላ ፀጉር ቤት ሄዶ ማስጨረስ ይቻላል፤ ግን ተሸነፍኩ ማለት ነው፤ በዚያ መንገድ ላይ ደግሞ ከሽንፈት ግማሽ ጺም ይሻላል። በግማሽ ጺም የተዳረ ሙሽራ እንኳ አለ። በሠርጉ ፎቶ ሁሉ ላይ የሚታየው ከጎን ነው። ሚስቱ፣ "ልጆቼ አባታቸው ድሮ አንድ ዓይና የነበረ ይመስላቸዋል" ትላለች።

የመጨረሻው ክርክር ከአከራዩ ጋር ነበር። አከራዩን ሰው "ጋሽ ግድግዳ" ነው የሚለው፤ ተከራይ ምስማር ሊመታ መዶሻ ባነሣ ቁጥር ከየት መጣ ሳይባል ብቅ ብሎ "ግድግዳው የኔ ነው" ስለሚል። ከጋሽ ጥያቄ ጋር ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛሞች ናቸው፤ ከልጅነት ጀምሮም ተስማምተው አያውቁም። የዚያን ቀን ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ ሳሙና ሳይነካው፣ ሆዱ ውስጥ የነበረውን አወጣ።

"የወንድሜ ልጅ ይቺን ክፍል ፈልጓታል። ስልክ ሊሸጥባት ነው። የስልክ ልብስም ይሸጣል።"

"ስልክ ልብስ መልበስ የጀመረው መቼ ነው?"

"አሁን እሱን ተወው። ስለ ክፍሏ ነው የማወራህ።"

"መጀመሪያ ጺምህን እንጨርስ፤ ከዚያ ስለ ክፍሏ እናወራለን" አለ ጋሽ ጥያቄ።

"እሺ፣ ይሁን" አለ ጋሽ ግድግዳ።

ልጅቱ በትንሹ ወንበር አጠገብ መቀስ እየወለወለች ነበር። እጇ ቆመ። ያቺ ክፍል ከሌለች እሷም የለችም፤ ሌላ ሥራ አታውቅም፣ ሌላ ቦታ መቀስ ይዛ መቆምን አስባውም አታውቅም። አባቷ ግን ምንም እንዳልሰማ ሰው አረፋውን ይመታል። ቀኝ ጉንጩን አጸዳና ቆም አለ።

"የመጀመሪያውን ንጉሥ፣ ዘውድ የደፋለት ማነው?"

"ራሱ ነዋ።"

"በምን መስተዋት?"

"ቆብ ለማጥለቅ መስተዋት ትፈልጋለህ?"

"ቆብ ቢጣመም ቆብ ነው የተጣመመው። ዘውድ ሲጣመም መንግሥት ነው። ከበላዩ ቆሞ አናቱን የሚያይለት ሰው ያስፈልገዋል። ንጉሥን የሚያህል ሰው 'ጎንበስ በል፣ ቀና በል፣ አትነቃነቅ' ብሎ ማዘዝ የሚችል አንድ ሰው ብቻ ነው። የኛ ሰው ነው። ፀጉር አስተካካዩ።"

"አንተ የዓለምን ታሪክ ጎትተህ መቀስህ ሥር ካላስገባህ እንቅልፍ አይወስድህም።"

"እንግዲያው አንተ ንገረኝ።"

ጋሽ ግድግዳ አሰበ፣ ጣራውን አየ፣ የቆመውን ሰዓት አየ። ምላጩ ፎጣው ላይ አረፈ፤ ስለቱ ወደ ግድግዳ።

"ነገ መልሱን ይዤ እመጣለሁ" አለ ጋሽ ግድግዳ ፎጣውን ከአንገቱ እየነቀለ። "አፍህን ነው የማስይዝህ።"

"ብትቀርም ጺሙ ያንተ ነው።"

"ግድግዳውም የኔ ነው" አለና ወጣ።

ጋሽ ጥያቄ በማግሥቱ ከእንቅልፉ አልነቃም። ልቡ ናት አሉ። ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው፤ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ሲላቀስ ጋሽ ግድግዳ ሌሊቱን ያሰበውን መልስ ይዞ፣ ደረቱን ነፍቶ ከች አለ። በሩ ላይ ቆሞ ሰዉን አየ። ልጅቱን አየ። ከዚያ ጺም ያለበትን ጉንጩን በእጁ ይዞ፣ "መልሱን ይዤለት ነበር እኮ" አለና እንደ ሕፃን አለቀሰ።

የመንገዱ ሰው ምን ማለቱ እንደሆነ ገባው። ዳቦ ጋጋሪውና የአውቶቡስ ሹፌሩም ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ሁለቱም ያልጨረሱት ክርክር ስለነበራቸው ሁለቱም ባለ ግማሽ ጺም ናቸው። ሁሉ ነገር ግልጽ ነው፤ ከሌላ ከተማ ለመጣ ሰው ካልሆነ በቀር።

ከሌላ ከተማ የመጣው የልጅቱ አጎት ነው፤ የሟቹ ታላቅ ወንድም። የሰዓት ጠጋኝ ነው፤ ስሕተት አይወድም፤ ለሰው ሥርዓት ደግሞ ሟች ነው። "በሄድክበት እንደ ሰዉ ሁን" እያለ ያደገ። ገብቶ ወንድሙን አለቀሰና ቀና ሲል አንድ ሽማግሌ በግማሽ ጺም ሲንሰቀሰቅ አየ። ዘወር አለ፤ ሌላ ግማሽ ጺም። ጥግ ላይ ሌላ። መታጠቢያ ቤት ገባና ቆየ። ሲወጣ ዕድሜውን ሙሉ ሲንከባከበው የኖረው ነጭ ጺም ከቀኝ በኩል የለም።

ልጅቱ አየችው። አፏን ከፈተች። ነገሩን ልትነግረው ነበር፤ ግን አጎቷ ፊቱን አኮሳትሮ፣ በክብር ሄዶ ከዳቦ ጋጋሪው አጠገብ ሲቀመጥና ሁለቱ በአንገት ሰላምታ ሲለዋወጡ፣ ሳቅ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋን አነቃት። ነጠላዋን በፊቷ ላይ ጣለች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሴቶቹ ከበቧት። "አይዞሽ፣ አይዞሽ፣ ይውጣልሽ" አሏት። ሳቁም ሳያልቅ ወደ ልቅሶ ተለወጠ፤ የቱ የት ላይ እንደጀመረ እሷም አታውቅም።

ቆይቶ አጎቷ ጠጋ ብሎ በጆሮዋ ጠየቃት።

"ልጄ፣ አላወቅኩም ነበር። ጥፋት እንዳይሆንብኝ ብዬ ነው። ሴቶቹስ ምናቸውን ነው የሚያጎድሉት?"

እሷ ከመመለሷ በፊት በጎን የተቀመጠችው ጎረቤቷ፣ ልብስ ሰፊዋ፣ ቀደመቻት። ሰው "እትዬ መርፌ" ይላታል፤ የምትወጋው ጨርቅ ብቻ ስላልሆነ።

"ሴቶች አንድ ጉትቻ ነው የሚያወልቁት" አለች ፈገግ ሳትል።

"የቱን?"

"ግራውን። ለባል ብቻ ነው ሁለቱም።"

አጎቷ ራሱን ነቀነቀ። ሥርዓቱ ደስ አለው። በማግሥቱ አብረውት የመጡት ዘመዶች ሁሉ፣ ሴቶቹ በአንድ ጉትቻ፣ ወንዶቹ በአንድ ጉንጭ ተሰለፉ። ይህን ያየ የመንገዱ ሰው ደግሞ፣ "ዘመዶቹ እንዲህ ካደረጉ እኛ ምን ሆነን ነው" አለ። ሳምንቱ ሳይወጣ ባንክ ቤት ያለው ሰውዬ በግማሽ ጺም ብር ይቆጥራል፣ የፖስታ አዳዩ በግማሽ ጺም በር ያንኳኳል። ጺም የሌለው ጎረምሳ አንድ ቅንድቡን ሊላጭ ሲል እናቱ ደርሳ ምላጩን ነጠቀችው።

"ግን ትርጉሙ ምንድነው?" ብሎ የጠየቀ አልጠፋም። መልሱን የሰጠው አጎትየው ራሱ ነው። "ግማሹ ሟች ይዞት የሄደው ነው፤ ግማሹ ለኛ የቀረን" አለ። እትዬ መርፌ እንኳ ይህን ስትሰማ የግራ ጉትቻዋን አወለቀች።

እውነቱን ከሁሉ አብልጦ የሚያውቀው ጋሽ ግድግዳ ነበር። ግን አልተነፈሰም። ሥርዓቱ ከእሱ ስለተጀመረ ዋናው ሐዘንተኛ እሱ ሆኗል። በሄደበት ሰው ይነሣለታል። ከዚያ በፊት ተከራዮቹ ሲያዩት መዶሻ ይደብቁ ነበር፤ አሁን ወንበር ያቀርቡለታል። ክብር ደግሞ አንድ ጊዜ ከቀመሱት ከጺም ይበልጥ ያሳክካል።

ችግሩ የመጣው ከወንድሙ ልጅ በኩል ነው። ጎረምሳው ስልኮቹን ገዝቶ አልጋው ሥር ደርድሯል።

"ጋሼ፣ ክፍሏስ?"

"እንዴት አድርጌ ነው በዚህ ጺም የሟቹን ልጅ ውጪ የምላት? ሰው በድንጋይ ይወግረኛል።"

"ተላጫ።"

"የት?"

"የትም።"

"የትም ከተላጨሁ እሱ አሸነፈኝ ማለት ነው። ደግሞ ቃል አለብኝ። መጀመሪያ ጺሙ፣ ከዚያ ክፍሏ ተባብለናል።"

"ሰውየው ሞተዋል እኮ።"

"ለዚህ ነዋ ቃሉን መቀየር ያልቻልኩት። ከማን ጋር ልቀይረው?"

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ጋሽ ግድግዳ ሞኝ ባይሆንም ሲይዝ ግን ወረቀት ነው። ወሬው ለልጅቱም ደረሳት፤ እትዬ መርፌ ናት ያደረሰችው። ልጅቱም ነገሩን ደመደመች፤ ጺሙ እስካለ ክፍሏ አለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ በመስኮት ስታየው የምታየው ፊቱን አልነበረም፤ የግራ ጉንጩን ነው። ሲረዝም ደስ ይላታል። ሲያክከው ትደነግጣለች።

ሱቁን ግን እንደምንም ከፍታ ነበር። ጥቂት ሰው ይመጣል። በትንሹ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ በጥሩ ሁኔታ ይላጫል፣ ሁለቱም ጉንጩ ጸድቶ ይወጣል፣ ግን አይመለስም። ዳቦ ጋጋሪው በግልጽ ነገራት። "እጅሽ ወርቅ ነው፣ ልጄ። ግን አስተካክለሽ ትጨርሺዋለሽ፤ ሰው ከዚህ ቤት የለመደው ሳይጨርስ መሄድን ነው።" ትልቁን ወንበር አልነካችውም። የአባቷ ምላጭም እዚያው ፎጣ ላይ፣ ስለቱ ወደ ግድግዳ እንደዞረ ነበር። አቧራ ስትጠርግ ዙሪያውን ትጠርጋለች።

አንድ ከሰዓት በኋላ ጋሽ ግድግዳ ገባ። ከኋላው የወንድሙ ልጅ ሜትር ይዞ ተከትሎታል። ግራ ጺሙ ከመርዘሙ የተነሣ ራሱን ወደ አንድ ጎን የጎተተው ይመስላል። ሳይጠየቅ ትልቁ ወንበር ላይ ተቀመጠ።

"ልጄን እየዳርኩ ነው" አለ። "ሚስቴ በዚህ ጺም ሙሽራዋ አጠገብ አትቆምም ብላኛለች።"

"በግራ በኩል ይቁሙ፣ ጋሼ። ለእንግዳው የሚታየው ቀኙ ይሆናል።"

"በግራ የሙሽራው አባት አለ።"

ጎረምሳው አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ሜትሩን ይስበዋል፣ ይለቀዋል፣ ሜትሩ ጥርቅ ብሎ ይገባል።

"ስሚ" አለ ጋሽ ግድግዳ፣ "መልሱን ለእሱ ነበር ያመጣሁት። ወራሹ አንቺ ነሽ፤ ላንቺ ልንገርሽና ፍረጂ። ልክ ነህ ካልሽኝ ትላጪኛለሽ። ከዚያ ስለ ክፍሏ እናወራለን።"

"ይንገሩኝ።"

ጉሮሮውን ጠራረገ። መልሱን በልቡ ይዞት ብዙ ስለቆየ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ።

"ንጉሥ ዘውድ ሲደፋ የሆነ ቦታ ላይ መቀመጥ አለበት። አየር ላይ አይነግሥም። የተቀመጠበት ቦታ ደግሞ ባለቤት አለው። የመጀመሪያው ንጉሥ የአንድ ሰው ተከራይ ነበር። አከራዩ ኪራይ ሊጠይቅ ሲመጣ አልከፍልም አለ። አከራዩም 'ኪራይ የማትከፍል አንተ ንጉሥ ነህ እንዴ?' ብሎ የያዘውን ቀለበት መሳይ ነገር አናቱ ላይ ጣለበት። ዘውዱን የደፋው አከራዩ ነው።"

ልጅቱ ፈገግታዋን መያዝ አልቻለችም። ጥሩ መልስ ነበር። አባቷ ቢሰማው ምላጩ በእጁ እስኪንቀጠቀጥ ይስቅ ነበር። ውሸት ብትናገር ክፍሏ ትተርፋለች፤ ግን አባቷ ጥሩ መልስ ሲሰማ መጥፎ ነው ብሎ አያውቅም።

"ጥሩ መልስ ነው፣ ጋሼ።"

"እውነት?" አለ። ደስ ያለው ግን አይመስልም። በመስተዋቱ ውስጥ አያት። "እሱ ምን ይል ነበር?"

"ይስቅ ነበር። ከዚያ ይቃወም ነበር።"

"እንዴት ብሎ?"

"እኔንጃ። እኔ እንደሱ አፍ የለኝም።"

ጋሽ ግድግዳ በረጅሙ ተነፈሰና ወንበሩ ውስጥ ሰመጠ። አፍ ያስያዘ ሰው አይመስልም፤ የጠፋ ዕቃ ፈልጎ ያጣ ነው የሚመስለው። "በይ ላጪኝ" አለ።

አረፋውን መታች፣ ቀባችው። ከዚያ የአባቷን ምላጭ ከፎጣው ላይ አነሣች። ከተቀመጠበት ቀን ጀምሮ ያነሣው የለም፤ ፎጣው ላይ ቅርጹ ቀርቷል። ምላጩን በእጇ ይዛ ቆመች። አባቷን በሕይወቱ ሳለ የምትላጨው እሷ ነበረች፤ ማጅራቱ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ከእሷ ሌላ ያየ የለም፣ እሱ ራሱ እንኳ አላያትም። ከጋሽ ግድግዳ ግራ ጆሮ ሥር ጀምራ እስከ ጉንጩ መሐል ወረደች። አረፋውን ጠረገች። አንድ ጊዜ ደገመች። እጇ ቆመ።

"ጋሼ።"

"እ።"

"የመጀመሪያው ንጉሥ ሲሞት ዘውዱን ከራሱ ላይ ያነሣው ማነው?"

"ምን ማለትሽ ነው?"

"እናንተ የተከራከራችሁት ስለደፋው ነው። ያነሣውስ? ከዚያ በፊት ንጉሥ ሞቶ አያውቅም፤ ምን እንደሚደረግ የሚያውቅ የለም። አንድ ሰው ቀርቦ አንሥቶታል። አንሥቶ የት አደረገው? የሚቀጥለው እስኪመጣ በእጁ ይዞ ቆመ? ወይስ ማንም ሳያየው ለራሱ ለክቶት አየ?"

"ልጁ ነዋ የሚያነሣው።"

"ልጁ እያለቀሰ ነው።"

"እንግዲያው አማካሪው።"

"አማካሪ ወደ ንጉሥ ራስ እጁን ሲሰድ ዘበኞቹ ዝም ይሉታል?"

"ሞቷል እኮ።"

"መሞቱን እነሱ በምን ያውቃሉ? እስከዚያ ቀን ንጉሥ ይሞታል ያላቸው የለም።"

"እኔ ብሆን እሸጠው ነበር" አለ ጎረምሳው ከአግዳሚው።

"አንተ ዝም በል" አሉት ሁለቱም።

ጋሽ ግድግዳ ጣራውን አየ። ሰዓቱን አየ። ልጅቱ ጠበቀች። ከዚያ ምላጩን ፎጣው ላይ አስቀመጠች፤ ስለቱን ወደ ግድግዳ አዞረችው።

ምላጩን አየ፣ እሷን አየ።

"አንቺ።"

"የቤቱ ሕግ ነው፣ ጋሼ።"

"ሠርጉ ከነገ ወዲያ ነው።"

"ነገ ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው።"

ጋሽ ግድግዳ ከወንበሩ ተነሣ። ፎጣውን ከአንገቱ ነቅሎ ወረወረ፤ እንደ ድሮው። ጎረምሳው ተራው የደረሰ መስሎት ሜትሩን ከበሩ መቃን ላይ ዘርግቶ ነበር።

"ጠቅልለው።"

"ጋሼ፣ እንለካለን አላልከኝም?"

"ክርክር ላይ ነን። ግድግዳው የኔ ነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ በግድግዳዬ ላይ ሜትር አይዘረጋም።" በሩ ላይ ደርሶ ዞረ። የቀረው ጺም ሩብ ያህል ነው፤ አረፋ እንደተቀባ ነው። "አፍሽን ነው የማስይዝሽ" አላት።

በማግሥቱ ልጅቱ ስትከፍት ጋሽ ግድግዳ በሩ ላይ ቆሞ አገኘችው። ከኋላው ዳቦ ጋጋሪው፣ ከእሱም ኋላ የአውቶቡስ ሹፌሩ፤ ወሬው ሌሊቱን መንገዱን አዳርሶታል። ጋሽ ግድግዳ ገና ሳይቀመጥ፣ "ዘበኛው ነው ያነሣው፤ የቀረበው ሰው እሱ ነው" አለ። "ዘበኛውማ ጦር ይዟል፣ በየትኛው እጁ?" አለ ዳቦ ጋጋሪው። አረፋውን እየመታች ሳለ ስልኳ ጮኸ። አጎቷ ነበር።

"ልጄ፣ እዚህ ጎረቤታችን አረፈ። ሰው ሁሉ እኔን ነው የሚጠይቀኝ። ለጎረቤት ሲሆን የሚላጨው ቀኙ ነው ግራው?"

ልጅቱ ሰዎቹን አየች። ስድስቱም ጉንጮች፣ የተላጩትም ያልተላጩትም፣ እሷን ይጠብቃሉ።

"ግራው" አለች።

"ለምን ግራው ሆነ?"

ምላጩን ስለቱን ወደ ግድግዳ አዙራ ፎጣው ላይ አስቀመጠች።

"አስብበትና ነገ ደውልልኝ" አለችው።